ሮም ለሁለት ቀን የምትሄዱ፣ «ሁሉን ያካተተ» የሚሉትን ካርድ አትግዙ

ጀርመንም ሆነ ስዊድን ያላችሁ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሮም ላይ አንድ ሁለት ቀን አድራችሁ ከተማዋን ለማየት ያሰባችሁ፣ የባንክ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ኢንተርኔት ላይ «የ48 ሰዓት የሮም ካርድ፣ ያልተገደበ ትራንስፖርት፣ የኤርፖርት ባቡር፣ ኮሎሲየም» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። እኔና እናቴ ለየራሳችን 89 ዩሮ ከፍለንበታል። ሻጩን በስም አልጠራም። አሠራሩን ግን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ትራንስፖርት» ያሉት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ወርደን የሜትሮው በር ላይ ስልኬን አስጠጋሁ። ቀይ በራ። ደገምኩ፣ አሁንም ቀይ። ከኋላችን ሻንጣ የሚጎትት ሰው ተደርድሮ ያጉረመርማል። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ቆይ፣ እምቢ ያለው እኛን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም?» አለች። እኛን ብቻ ነበር። ሠራተኛው ስልኩን አየት አደረገና ወደ ትኬት ማሽኑ ጠቆመን።

ነገሩ ሲጣራ «ያልተገደበ ትራንስፖርት» ያሉት ያንን ጣሪያው ክፍት የሆነውን ባለ ሁለት ፎቅ የቱሪስት አውቶቡስ ነው። የከተማው ሜትሮ፣ ትራምና አውቶቡስ ላይ አይሠራም። ይህ የተጻፈው ማስታወቂያው ላይ አይደለም። ከከፈላችሁ በኋላ በኢሜይል የሚመጣው ወረቀት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የቱሪስት አውቶቡሱ ራሱ መጥፎ ነው አልልም፤ እግሩን ለሚያመው ሰው ጥሩ ነው። ግን ትራፊክ ውስጥ ይቆማል፣ ትሬቪ ምንጭና ፓንቴዎን ያሉበት ጠባብ መንገድ ውስጥም አይገባም። የቀረውን በእግር ነው የምትጨርሱት።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። የሚላክላችሁ ኮድ ትኬት አይደለም። ቢሯቸው ሄዳችሁ በካርድ የምትቀይሩት ነው። ቢሮው ደግሞ ማታ ዝግ ነው። 48 ሰዓት የሚቆጠረው ካርዱን ከተቀበላችሁበት ሰዓት ሳይሆን ስትገዙ ከመረጣችሁት ቀን ነው። ማታ የሚያርፍ በረራ ያለው ሰው የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ይበላበታል።

የኤርፖርት ባቡሩም የአንድ መንገድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ተርሚኒ በ32 ደቂቃ የሚያደርሰው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ነው፤ ጣቢያው ማሽን ላይ ማንም ሰው በ14 ዩሮ ይገዛዋል።

ኮሎሲየሙ ግን የባሰ ነው። መግቢያ መስሎን የጠበቅነው ነገር ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ አስጎብኚ ሆኖ አረፈው። በሩ ላይ ምንም አያደርግላችሁም። እዚህ ላይ አንድ መለያ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ የኮሎሲየም ትኬት የጎብኚው ስም ይጻፍበታል፣ ሲገባም መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይታያል። «መግቢያ አለው» እያለ የእያንዳንዳችሁን ስም የማይጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገጹን ዝጉት። የኮሎሲየም ትኬት ንግድ ደግሞ ከድሮም ጣጣ አያጣውም። በ2025 የጣሊያን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ትኬቱን ይሸጥ የነበረውን ድርጅትና በርካታ አስጎብኚ ኩባንያዎችን በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ምክንያቱ ተራው ሰው በመደበኛ ዋጋ ትኬት እንዳያገኝ መደረጉ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የከተማው ተራ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ይሠራል። አውቶቡስ እየቀያየራችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ሜትሮ ግን አንዴ ከወጣችሁበት በዚያው ትኬት አትመለሱም። በቀን አራት ጊዜ ብትሳፈሩ ለሁለት ቀን 12 ዩሮ። ከኤርፖርት ኤፍ ኤል ዋን በሚባለው ባቡር 8 ዩሮ፣ ደርሶ መልስ 16። ኮሎሲየም አጠገቡ ካሉት ጥንታዊ ፍርስራሾች፣ ከፎረሙና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር 18። ድምሩ 46 ዩሮ። እነሱ 89 ወስደው ግማሹን እንኳ አልሰጡም። ኤፍ ኤል ዋን ተርሚኒ አይገባም፤ ኦስቲየንሴ ወርዳችሁ ፒራሚዴ ከሚባለው ሜትሮ ጋር በእግር ትገናኛላችሁ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግቢያ በነፃ ነው፣ ስለዚህ «ቫቲካንን ጨምረናል» ሲሏችሁ የትኛውን ቫቲካን እንደሆነ ጠይቁ።

የከተማውን ትኬት ከሜትሮ ማሽን ወይም «ቲ» የሚል ምልክት ካለው የትንባሆ ሱቅ ግዙ። የባንክ ካርድ በቀጥታ ማስነካትም ይቻላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። የወረቀት ትኬት ከሆነ አውቶቡስ ላይ እንደወጣችሁ ማሽኑ ላይ አስመቱት። ሳይመታ ከተያዛችሁ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፣ «ቱሪስት ነኝ» አይሠራም። ወደ ቫቲካን አቅራቢያ የሚሄደው 64 ቁጥር ውስጥ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ፤ ኪስ አውላቂ የሚበዛበት መስመር ነው።

በነገራችን ላይ፣ እማዬ ከሁሉ የወደደችው በ1.50 ዩሮ ትኬት የደረስንበትን ቦታ ነው። ከተርሚኒ በሜትሮ ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ይባላል። እዚያ ስትወጡ የፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ይታያል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪነሳ ድረስ ቆሞ የነበረው እዚያው አደባባይ ላይ ነው፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ሐውልቱ ከዚያ መነሳቱ ደስ አሰኛት። ይሄን የትኛውም ካርድ ውስጥ አታገኙትም።

የገንዘቡ ጉዳይ። «አውሮፓ ውስጥ ኦንላይን የተገዛ ነገር በ14 ቀን ይመለሳል» የሚለው ሕግ ለተወሰነ ቀን የተያዘ የመዝናኛ አገልግሎትን አይጨምርም። ሻጮቹ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ወዲያው ይጠቅሱላችኋል። እዚያ ላይ አትከራከሩ። መከራከሪያችሁ «የተሸጠልኝ የተባለው ነገር አይደለም» የሚለው ይሁን፣ እሱንም በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ለባንካችሁ አቅርቡ። ባንኩ የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፦ ማስታወቂያው፣ ደረሰኙ፣ የተጻጻፋችሁት። ማስታወቂያውን በከፈላችሁበት ቀን ስክሪንሾት አድርጉት። እኛ ቅሬታ ባቀረብን በሳምንቱ «ያልተገደበ ትራንስፖርት» የሚለውን ከገጹ ላይ አንስተው «ያልተገደበ የጉብኝት አውቶቡስ» አድርገውታል። ባንኩ የተቀበለን የድሮውን ገጽ ስላሳየነው ነው።