ፍርድ ቤት አብራችሁ የምትገባ የድጋፍ ሠራተኛ፦ ደሴ ላይ እንዳየሁት

የአክስቴ ልጅ ድብደባ ደርሶባት ክስ ስትከታተል አብሬያት እሄድ ስለነበር ተጎጂን ፍርድ ቤት የሚያጅበውን የድጋፍ አገልግሎት በቅርብ አይቼዋለሁ። ነፃ ነው። ሠራተኛዋ ጠበቃ አይደለችም፣ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕጉ ነው። እሷ ግን ከቀጠሮው በፊት ባዶ ችሎት አስገብታ ዳኛው እዚህ፣ ተከሳሹ እዚያ፣ አንቺ እዚህ ቆመሽ ትምያለሽ እያለች አሳየቻት፤ መስቀለኛ ጥያቄ (የተከሳሽ ወገን የሚጠይቀው) ሲመጣም ካልገባሽ "አልገባኝም" በይ፣ የማታውቂውን አትገምቺ አለቻት። ምን ብላ እንደምትመሰክር ግን አንድ ቃል አልነገረቻትም፣ ልክም ነው። ደግሞ "አይዞሽ የኔ እህት" ስትል ከልቧ ነው።

ካሳውንም ያወቅነው ከእሷ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተጎጂ እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ካሳ መጠየቅ ይችላል። አቤቱታ ስናቀርብ ማንም ትንፍሽ አላለም!

ወቀሳም አለኝ። ለብቻ መጠበቂያ ክፍል የለም። ተጎጂና የተከሳሽ ዘመድ በደሴ ብርድ አንድ ኮሪደር ላይ ይፋጠጣሉ፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ እዚያው ቆሞ "ተይ ልጄ፣ ይቅር በይው" እያለ ያጨናንቃል (ሽምግልና ጥሩ ነው፣ ግን ምስክርነት ልትሰጪ ስትገቢ በር ላይ?)። ቀጠሮ ሲቀየር የሚደውል የለም፣ ከገጠር የመጣ ሰው ትራንስፖርቱን ከስሮ ይመለሳል። ሠራተኛዋም ብቻዋን ስለሆነች ስልኳ ቶሎ አይነሳም፣ በአካል ብትሄዱ ይሻላል። ጠዋት ሂዱ፣ የሕክምና ማስረጃውን ኮፒ ይዛችሁ።