የሌሊቱ ሚኒባስ ከደሴ አዲስ አበባ፦ ከመሳፈር በፊት የሹፌሩን እንቅልፍ ጠይቁ

እኩለ ሌሊት ከደሴ ተነስቶ ጠዋት አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ሚኒባስ የሚመርጥ ሰው በቂ ምክንያት አለው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእንቅልፍ ያልፋል፣ የሥራ ቀን አይባክንም፣ የሐኪም ቀጠሮ ያለውም በሰዓቱ ይደርሳል። መቀመጫው ያው የሚኒባስ መቀመጫ ነው፤ የኋላው ለጉልበት ይጠባል፣ መሃል ላይ በመስኮት በኩል ያለው ይሻላል። ትልቁ ጉድለት ያለው መሪው ጋ ነው።

ሹፌሩ አረቄ አረቄ ቢሸት የሚሳፈር የለም። ሃያ ሰዓት ዓይኑን ያልከደነ ሹፌር ግን አይሸትም፣ ምላሱም አይተሳሰርም፤ ስለዚህ ዝም ተብሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን መዝኗቸዋል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይንና የእጁ ቅንጅት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ተጠጋ። በብዙ አገር 0.05 ላይ የደረሰ ሰው መሪ መያዝ ክልክል ነው።

ሂሳቡን ወደ መንገዳችን እናምጣው። ጠዋት 12 ሰዓት ከአልጋው የተነሳ ሹፌር ማታ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓቱን ደፍኗል፤ ገና ደሴ ላይ ዕቃ እያስጫነ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ቢንቀሳቀስ፣ ከሚሴንና አጣዬን አልፎ ሸዋሮቢት የሚገባው 10 ሰዓት ግድም ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ ሰውነት በተፈጥሮው እንቅልፍ አጥብቆ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ቆላው ይሞቃል፣ ተሳፋሪው ተኝቷል፣ ከዚያ ወዲያ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። መልሱ ጉዞ የባሰ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደሴ መግቢያ ላይ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ፣ ሹፌሩ ከዛለ በኋላ ነው።

ስካርና እንቅልፍ ማጣት ግን ጉዳታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አልኮል አፀፋን ያዘገያል፣ ሰውን ያለልክ ያደፋፍራል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደህና እየሠራ ቆይቶ ድንገት ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፤ ዓይን ሳይከደን እንኳ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 4 ሰከንድ ማለት ወደ 90 ሜትር ያለ ሹፌር መሄድ ነው። ጠባይም ይለወጣል፦ ያልተኛ ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ረዳቱ ላይ ይጮኻል፣ የቀደመውን መኪና ካልቀደምኩ ይላል። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲደክም ንዴት ልጓም ያጣል። ስካርንና እንቅልፍ ማጣትን አንድ የሚያደርጋቸው፣ ሰውየው የራሱን ድክመት መመዘን አለመቻሉ ነው።

ብትጠይቁት «አብሽር፣ ለምጄዋለሁ» ይላል። እንቅልፍ ማጣት አይለመድም። ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች በፈተና ሲለኩ ሙሉ ሌሊት ሳይተኙ ካደሩት ጋር ተቀራርበዋል፤ እነሱ ግን ጥቂት ድካም ብቻ ነበር የሚሰማቸው።

ጫቱም የእንቅልፍ ዕዳውን አይከፍልም። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍናል፤ ሲለቅ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ይህም ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ለመተኛት ጨብሲ የሚጨምር ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይጎዳል፤ አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጣል። በዚያ ላይ እንቅልፍ ለጎደለው ሰው ትንሽ መጠጥም ይበረታበታል። መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ ለደቂቃዎች ያነቃ ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

መንገድ ላይ የሚረዳው ቡናና አጭር እንቅልፍ አንድ ላይ ነው። ቡናው ሥራውን በደንብ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ሁለት ሲኒ ይጠጣ፣ ወዲያው ወንበሩን አጋድሞ 20 ደቂቃ ይተኛ። ረዘም ካለ ሲነቃ ይደናበራል፤ እንደዚያ ከሆነ ጥቂት ተራምዶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይነሳ። ይህ የሚያዋጣው ለአንድ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አያነዳም።

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ዛሬ ከየት ገባህ? ስንት ሰዓት ተኛህ?» በሉት፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆነ «አባቴ፣ እንቅልፍ አግኝተዋል?» ብላችሁ በአክብሮት። ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተሳፋሪ ይዞ ከገባ፣ ሳይተኛ የሚመለስበትን መኪና ተዉት። ከተሳፈራችሁ በኋላ ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ካለ፣ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ከነካ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ለመቀየር ከዘገየ፣ ፊቱን ደጋግሞ ካሻሸ፣ በሚቀጥለው ከተማ እንዲቆም ተባብራችሁ ጠይቁ፤ ሸዋሮቢት ወይም ደብረ ሲና ይመቻል።

ንጋት ላይ ከመናኸሪያ የሚነሳው ትልቁ አውቶቡስ በሰዓቱ የተሻለ ነው፣ የሰውነት እንቅልፍ የሚበረታበት ጊዜ እያለፈ ይነሳል፤ የሱም ሹፌር ግን ማታ አምሽቶ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። ሁለት ሹፌር አለን የሚሉ ሚኒባሶችን እንመርጣለን፤ ሁለተኛው ቀኑን አልጋ ላይ ተኝቶ የዋለ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ጋቢና ውስጥ እያንጎላጀ የመጣ ሰው መሪ ሲቀበል ድካም በድካም ተተካ ማለት ነው።