ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኞች፦ እናቴን ከደም መርጋት ስለጠበቃችሁልን ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከተማችን በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርሶችን፣ ሐኪሞችን፣ ፊዚዮቴራፒስቱንና የጽዳት ሠራተኞችን በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በአቃቂ ዙሪያ ለምትኖሩ ቤተሰቦች ለመጠቆም ነው። ሠራተኞቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ማንንም በስም አልጠራም፤ ሆስፒታሉን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እነግረዋለሁ።

እናቴ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ወድቃ የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ አጠገብ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሠርቶላታል፤ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ አጥንት ጥሩ አድርገው የሚጠግኑ ሐኪሞች በሌላም ቦታ አሉና። እኔን ያስገረመኝና ሌላውም ሕመምተኛ ሊያገኘው ይገባል የምለው፣ በዚያ ክፍል ከዋና ሐኪሙ አንሥቶ ወለል እስከምታጸዳው እህት ድረስ ሁሉም ሰው አንድን አደጋ በንቃት ይጠብቅ የነበረ መሆኑ ነው። አደጋው የተኛ ሕመምተኛ እግር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው።

ሲስተር ጉዳዩን ያስረዱን እናቴ አልጋ በያዘችበት ቀን ማታ ነበር። ደም በጥልቁ የደም መልስ ሥር፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር ውስጥ የሚረጋው በሦስት ምክንያት እንደሆነ፣ እነርሱም የደሙ ዝውውር መዘግየት፣ የሥሩ ግድግዳ መጎዳትና ደሙ ራሱ ለመርጋት ይበልጥ መዘጋጀቱ እንደሆኑ ነገሩን። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ቪርኾ ስም ይጠራል። ዳሌው የተሰበረ ሰው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ ይተኛል፣ ሥሩ በስብራቱና በቀዶ ሕክምናው ይጎዳል፣ ሰውነቱም መድማቱን ለማቆም ሲል ደሙን ያረጋል። እግር ውስጥ የረጋው ደም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ከተሰነቀረ ደግሞ ደህና ይመስል የነበረ ሕመምተኛ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ስሰማ ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ «ድኗል» ተብሎ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ትንፋሽ አጥሮት በድንገት ያረፈ አንድ ዘመዳችን ትዝ አለኝ። የሞቱ ምክንያት አልተመረመረምና ይህ ነው ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ያኔ ስለ ደም መርጋት አንድም ቃል የነገረን ሰው አልነበረም።

በዚህ ክፍል ግን ነገሩ በወሬ አልቀረም። በዚያው ምሽት የደም መርጋት ታሪክ ያለው የቤተሰብ አባል፣ ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የጨጓራ መድማት እንዳለ፣ አስፕሪን ትወስድ እንደሆነም አንድ በአንድ ተጠይቆ በቻርቷ ላይ ተመዘገበ። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መርፌ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ መጠኑን ለመወሰን የኩላሊቷ ምርመራ ታየ። ኢኖክሳፓሪን የሚባለው መርፌ፣ ብዙዎቻችን ክሌክሳን የምንለው፣ በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚሊግራም ታዘዘላት። ማደንዘዣው በጀርባዋ የሚሰጥ ስለነበረ በመጨረሻው መርፌና በማደንዘዣው መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት እንዲኖር የሌሊት ተረኛው ነርስ ሰዓቱን ቻርቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ለቀን ተረኛዋ ሲያስረክብ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ያለ ርክክብ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አውቃለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት መጥቶ እናቴን በዎከር አቆማት። አልጋ ላይ ስትሆን ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይና ወደ ታች እንድታንቀሳቅስ አስተማራት፤ የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደሙን ወደ ልብ እንደሚገፋ ባቷን በእጇ እያስያዘ አሳያት። እናቴ ሲያማት ትተወው ነበር። ያን ጊዜ የምትቆጣት የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ መወልወያዋን አልጋው ላይ ደገፍ አድርጋ «እማማ፣ ዛሬ እግርዎ ሥራ ፈትቷል» ትላትና እናቴ እየሳቀች ትጀምራለች። የምትጠጣው ውኃ ሳይነካ በላስቲኩ እንደሞላ ካየችም ለነርሶቹ ትናገራለች፣ ምክንያቱም ውኃ ያጠረው ደም ይወፍራል። ጊዜው ጾም ስለነበረ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጠጣም ብላ ነበር፤ ሲስተር ሳይከራከሯት የንስሐ አባቷን በስልክ አገናኟትና ፈቃዱን ከእርሳቸው አገኘች።

በተለይ ላመሰግናቸው የምፈልገው ግን ስለ ወጌሻው ጉዳይ ነው። አክስቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጥታ ያበጠውን ባት ካላሸሁ አለች፤ የሰፈራችንን ወጌሻም ልታስመጣ አስባ ነበር። ሲስተር አክስቴን ወደ ጎን አስቀምጠው፣ ወጌሻውን ሳይንቁ፣ ውስጡ የረጋ ደም ሊኖርበት የሚችል ባት ቢታሽ ደሙ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ እንደሚችል በትሕትና አስረዷት። አክስቴ ቅቤውን ለእናቴ ፀጉር አዋለችው።

ከሆስፒታል ስንወጣ መርፌው አልቆመም። ከዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በኋላ መከላከያው እስከ 35 ቀን ሊቀጥል እንደሚችል ነግረውን፣ አወጋጉን እኔን ራሴን አስተማሩኝ። ከእምብርት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ የሆድን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ፣ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ በመርፌው ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ አለማስወጣት፣ ከተወጋ በኋላ ቦታውን አለማሸት፣ በማግሥቱ ወደ ሌላው ጎን መቀየር። መድኃኒቱ የረጋን ደም እንደማያሟሟ፣ የሚከለክለው አዲስ እንዳይረጋ መሆኑንም አልደበቁንም። ስለዚህ ንቃቱ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ገባ፤ አንድ እግር ከሌላው ይልቅ ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ባቱ ቢያም፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሲተነፍሱ ደረት ቢወጋ ወይም ደም ያለበት አክታ ቢመጣ ሌሊትም ቢሆን እንድንመጣ አዘዙን።

እውነትም አንድ ቀን የግራ ባቷ አበጠ። ወስደናት ስንሄድ ሲስተር በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ባቶች በአንድ ከፍታ ላይ ለክተው፣ የለኩበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው፣ ልዩነቱን ለሐኪሙ ነገሩት። በሥር ውስጥ የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ የረጋ ደም አልተገኘም። በከንቱ አደከማችሁን ያለን ሰው ግን የለም፤ እንዲያውም ሐኪሙ «ደግማችሁ ብትጠራጠሩም ኑ» አለን።

ማመስገን ብቻ እንዳይሆን ሁለት ነገር ልጨምር። መርፌው በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከውጭ እየፈለግን እንገዛ ነበር፤ ዋጋው ለጡረተኛ ቤተሰብ ከባድ ነው፣ አስተዳደሩ ሊያስብበት ይገባል። የመውጫ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። ሲስተር ከጀርባው በአማርኛ ጽፈው ባይሰጡን ኖሮ ስንት ቀን መወጋት እንዳለባት ወረቀቱን አይተን የምናውቅ አልነበርንም።

ይህ ጉዳይ የአጥንት ሕመምተኞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ በደም መልስ ሥር ውስጥ ከሚያጋጥመው የደም መርጋት እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በሆስፒታል ቆይታ ወቅት ወይም ከወጡ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የሚከሰት ነው። አራስም እንዲሁ ናት፤ ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት፣ ይልቁንም በቀዶ ሕክምና ከወለደች፣ አደጋው ከፍ ይላል። እኛ ደግሞ አራስን ከአልጋ አትውረጂ ማለት እንወዳለን። ልትጠይቀን የመጣችን አንዲት አራስ ጎረቤታችንን ሲስተር በኮሪደሩ ሲያገኟት የጠየቋት የመጀመሪያ ነገር በቀን ምን ያህል እንደምትራመድ ነበር። ጥቅምት 3 የዓለም የደም መርጋት ቀን በመሆኑ፣ ዕለቱ የተመረጠውም ቪርኾ የተወለደበት ስለሆነ ነው፣ የሚመለከተው አካል በዚያ ቀን እነዚህን ሠራተኞች ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ ቢጋብዛቸው የምመኘው ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈርና የጤና መድን ካርዳችሁን ያዙ፣ ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወይም ደም ረግቶበት የሚያውቅ ከሆነም ዓመቱን አስታውሳችሁ ሂዱ፤ በመጀመሪያው ምሽት ይጠይቋችኋል።