ከዚራ ያለው ጂም፦ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ግምገማው ግን አይታመንም

የጂሙን ስም አልጽፍም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከዚራ ሰፈር ብረት የምታነሱ ሰዎች የቱን እንደምል ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም ከታች የምናገረውን ነገር በየትኛውም ጂም ብታዩት ይጠቅማችኋል። አምስት ወር ከፍዬ ሠርቻለሁ። የገባሁት ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ በታዳጊ ቡድን ክንፍ ላይ ይጫወታል፣ ሕልሙ አንድ ቀን የድሬዳዋ ከተማን ማሊያ መልበስ ነው። እኔ ለወገቤ ገባሁ፣ እሱ ለሕልሙ።

በጥሩው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥሩ ነገር አላቸው። ዳምቤሎቹ ሙሉ ናቸው፣ ጥንዱ የጠፋ የለም። ቤንቹ፣ ተኝተን ብረት የምንገፋበት አግዳሚ፣ አይወዛወዝም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ይሄ ድሬ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ እንኳን ብረት የራስን እጅ ማንሳትም ይከብዳል። 6 ሰዓት ላይ ዘግተው 10 ሰዓት ይመለሳሉ። ጣሪያው ላይ ሮቶ ስላለ የሰፈሩ ውሃ ሲጠፋ እንኳ ሻወር አለ። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት አላቸው፣ ያከብሩታልም፤ ባለቤቴ ሁለት ወር ሠርታ ወዳው ነበር። በወር 1500 ብር ነው፣ ለዚህ ሁሉ ብዙ አይደለም። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ቀንሱ ስትሏቸው ግን ይቀንሳሉ።

ችግሩ «ግምገማ» የሚሉት ነገር ላይ ነው።

በየወሩ መጨረሻ አሰልጣኙ ሜትር ይዞ ይመጣል። ክንድ ይለካል፣ ደረት ይለካል፣ ቤንች ላይ ስንት ኪሎ እንደምታነሱ ይጽፋል። ከዚያ የሁሉም ስም ግድግዳው ላይ ካለው ነጭ ሰሌዳ በደረጃ ይወጣል። አንደኛ የወጣው ፎቶው ይለጠፋል፣ የቀጣዩን ወር ግማሽ ብቻ ይከፍላል። ለእኔ ዕድሜ ሰው ሰሌዳው ምንም አይደለም። ለ17 ዓመት ልጅ ግን ፈተና ክፍል ማለት ነው፤ ገና በሩን ሲገባ ዓይኑ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የእኛ ልጅ ክንፍ ተጫዋች ነው፣ ሥራው መሮጥ ነው፣ ኳስ ማሻገር ነው፤ እነሱ ግን የሚለኩት የክንዱን ውፍረት ነው።

ከሰሌዳው ሥር ደግሞ መደርደሪያ አለ። የታሸገ ፕሮቲን አለ፣ ለጡንቻ ጉልበት የሚወሰድ ክሬያቲን የሚባል ዱቄት አለ፣ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ከጎኑ ምንም ጽሑፍ የሌለው ትልቅ ጣሳ አለ፣ እየተለካ በፌስታል የሚሸጥ ዱቄት። ከመደርደሪያው በታች ያለው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከማሸጊያው የወጣ ኪኒን አለ። ልብ በሉልኝ፣ ሜትሩን የያዘውና የመሳቢያውን ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ነው። አንሰሃል ብሎ የሚነግርህ እሱ፣ የሚያሳድግህን የሚሸጥልህም እሱ።

በሦስተኛው ወር የወንድሜ ልጅ ከ16 ሰው 14ኛ ወጣ። አሰልጣኙ ለብቻው ጠርቶ «ሰውነትህ ቶሎ አይመልስም፣ እርዳታ ይፈልጋል» አለው። ማታ ቤት ስንገባ ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ፌስታል አየሁ። ቢጫ ኪኒን፣ 28 ፍሬ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ቫይታሚን ነው ብሎኛል፣ አጎቴ። ሁሉም ነው የሚወስደው።»

ይሄን ቃል ሰምቼው አውቃለሁ። የሰማሁት ግን ድሬ አይደለም።

ከ2002 እስከ 2011 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ከተማ ታክሲ ነድቻለሁ። ማታ ማታ ጓደኛዬ ሬዲዮ ነበር፣ ሬዲዮው ላይ ደግሞ ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት የአሜሪካ ጨዋታ። ስገባ ሕጉን አላውቀውም፣ ስወጣ ተጫዋቾቹን በስም እቆጥር ነበር። ቤዝቦል ከኳስ ጨዋታዎች ሁሉ በላይ ቁጥር ይወዳል። አንድ ተጫዋች ስንት ጊዜ መታ፣ ስንት ጊዜ ሳተ፣ ስንት ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ ሆም ራን አደረገ፣ ሁሉም ይጻፋል፤ የሚገመገመውና የሚከፈለው በዚያ ነው። ከኦክላንድ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ክለብ የሚጫወተው ባሪ ቦንድስ 2001 ላይ በአንድ የውድድር ዘመን 73 ሆም ራን መትቷል። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት የመታው ከፍተኛው 49 ነበር። ያን ዓመት 37 ሞላው፣ አብዛኛው ተጫዋች ጫማውን በሚሰቅልበት ዕድሜ። ኦገስት 2007 ላይ የሃንክ አሮንን የ755 ሪከርድ ሲያልፍ ተሳፋሪ ይዤ ነበር፤ ሰውዬው ከኋላ ጮኸ፣ እኔም ከፊት ጮህኩ። ሲያቆም 762 ደርሶ ነበር።

ግን ያኔም ጭቅጭቁ ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ብዙ ሳይርቅ፣ በርሊንጌም ላይ፣ ባልኮ የሚባል ቤት ነበር፣ ሰፕሊመንት (የምግብ ማሟያ) የሚሸጥ። 2003 ላይ መርማሪዎች ገብተው ፈተሹት፣ በምርመራ የማይገኝ ስቴሮይድ፣ ጡንቻ የሚያሳድግ የሆርሞን መድኃኒት፣ ለስፖርተኞች ሲያቀርብ ነበር። ቦንድስም ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። አውቄ አልወሰድኩም አለ። የግል አሰልጣኙ የሰጠው ነገር የተልባ ዘይትና የመገጣጠሚያ ሕመም ቅባት እንደመሰለው ተናገረ። አሰልጣኙ በኋላ ስቴሮይድ በማከፋፈል ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ተልባ! ይሄን በሬዲዮ ስሰማ መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩ። እናቴ በጾም የምትወቅጠው ተልባ ነው ትዝ ያለኝ። ሚሊዮኖች የሚከፈለው ሰው ሐኪም ለመቅጠር፣ ላቦራቶሪ ለመክፈል ይችላል፣ ግን «አሰልጣኜ የሰጠኝ ነው» ነበር መልሱ። ታዲያ በወር 1500 ብር አጎቱ የሚከፍልለት የድሬ ልጅ «ቫይታሚን ነው ብሎኛል» ቢል እንዴት ልቆጣው? አልተቆጣሁም። ኪኒኑን ተቀበልኩት፣ በቃ።

የሚያሳዝነው ቦንድስ ከዚያ በፊትም ትልቅ ተጫዋች መሆኑ ነው። ጥርጣሬው ሳይመጣ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ዛሬ ግን የቱ የእጁ እንደሆነ፣ የቱ የጠርሙሱ እንደሆነ ለይቶ የሚነግርህ ሰው የለም። ሆል ኦፍ ፌም ለሚባለው የታላላቆች መዘክር ጋዜጠኞች 75 በመቶ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ አሥር ዓመት ዕጩ ሆኖ 2022 ላይ በመጨረሻው ዙር 66 በመቶ ነው ያገኘው። ንጹሑ ዘመኑም አብሮ ተበላ።

ጥፋቱን ግን በተጫዋቾቹ ላይ ብቻ አልጥልም። 1994 ላይ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ዋንጫው ሳይካሄድ ቀረ፣ ተመልካች ተቀየመ። 1998 ላይ ማርክ ማክጓየርና ሳሚ ሶሳ ከ1961 ጀምሮ የቆየውን የ61 ሆም ራን ሪከርድ ሲያሳድዱ ሕዝቡ ተመለሰ። ማክጓየር 70 መታ፣ ሶሳ 66። በዚያው ወቅት አንድ ጋዜጠኛ የማክጓየር ሎከር ውስጥ አንድሮስቴንዳዮን የሚባል፣ ሰውነት ውስጥ ወደ ወንድ ሆርሞን የሚቀየር ነገር ያለበት ጠርሙስ አየ። መልሱ ምን ነበር? በየሱቁ ይሸጣል፣ ቤዝቦል አልከለከለውም። እውነት ነው፣ ያኔ ክልክል አልነበረም። አሜሪካ በሕግ የከለከለችው 2004 ላይ ነው። ማክጓየር ራሱ ስቴሮይድ መውሰዱን ያመነው 2010 ላይ ነው። ክለቡ ትኬት ሸጠ፣ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ሸጠ፣ ተጫዋቹ ውል ፈረመ። ቁጥሩን የሚቆጥሩት ሁሉ ከቁጥሩ ይበሉ ነበር፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። 2003 ላይ ስም ሳይወጣ ሙከራ ሲደረግ ከ5 በመቶ በላይ ሰው ተገኘበት፣ ቅጣት ያለው ምርመራ ከዚያ በኋላ ተጀመረ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ 80 ጨዋታ፣ ለሁለተኛ ሙሉ የውድድር ዘመን፣ ለሦስተኛ ዕድሜ ልክ ይታገዳል።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ስሙ የማይታወቀው ነው። አልወስድም ብሎ በታችኛው ሊግ የቀረው ልጅ። ግምገማ ንጽጽር ነው፤ ጎረቤትህ በመድኃኒት 40 ሲመታ የአንተ 25 ትንሽ ይሆናል። አንተ አልቀነስክም፣ ሜትሩ ነው የተዘረጋብህ። ለእሱ ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። የወንድሜ ልጅ 14ኛ ሲወጣም ያሰብኩት ይሄንኑ ነው፤ ከእሱ በላይ ካሉት 13 ልጆች መሳቢያውን የነኩት ስንት ናቸው?

በማግሥቱ ኪኒኑን ይዤ የማውቃት ፋርማሲስት ጋ ሄድኩ። ገለባበጠችው። ስሙ የለም፣ አምራቹ የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። «ምን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም፣ ላለመዋጥ ይሄ ብቻውን ይበቃል» አለችኝ። ስቴሮይድ ከሆነስ ብዬ ጠየቅኳት። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና ስላልተዘጋ ቁመቱ ባለበት ሊቆም እንደሚችል፣ የሚዋጠው ዓይነት ጉበት እንደሚጎዳ፣ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት እንደሚያቆም፣ ወንድ ልጅ ጡት ሊያወጣ እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ልጁም አብሮኝ ነበር፣ ሁሉንም ሰማ። ቡድኑ አድጎ አንድ ቀን የዶፒንግ ምርመራ ቢደረግለት ደግሞ «አላወቅኩም» አያድነውም። በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ ሰውነትህ ውስጥ የተገኘው ነገር ኃላፊነቱ የራስህ ነው፣ ለስቴሮይድ ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት ነው። ለክንፍ ተጫዋች 4 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ አሰልጣኙን አናገርኩት። በሰው ፊት አይደለም፣ ከሥራ በኋላ፣ ውጭ ቆመን።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ምንም የለውም አቦ፣ እኔም ወስጄዋለሁ።»

«ስሙን ንገረኝ።»

ስሙን አያውቀውም። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ከሚገዛለት ሰው ነው የሚቀበለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፤ ቤንች ላይ ስሠራ ወገቤን ከጉዳት ያዳነኝ እሱ ነው። ግን የማያውቀውን ነገር ለልጅ ይሸጣል። ሰሌዳውን አንሳው አልኩት። ልጆቹ ይወዱታል፣ ደንበኛ የሚያመጣልን እሱ ነው አለኝ። 1998ም እንደዚህ ነበር።

ዱቄት ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ፕሮቲን ምግብ ነው፣ ክሬያቲን ክልክል አይደለም። ነገር ግን የታሸገ፣ ስም ያለው፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። የቤዝቦል ክለቦች እንኳን ዛሬ ለተጫዋቾቻቸው የሚሰጡት ኤንኤስኤፍ የሚባል ድርጅት መርምሮ ምልክት ያደረገበትን ብቻ ነው። ለ17 ዓመት ልጅ ደግሞ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ወተት፣ እንቅልፍ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሳቢያን ሜዳ ላይ ነን። በስልኬ ሰዓት እይዝለታለሁ፤ 30 ሜትር በስንት ሰከንድ፣ አሥር ጊዜ ሮጦ አሥረኛው ከመጀመሪያው ምን ያህል ዘገየ። ከስድስት ሳምንት በፊት አሥረኛው ላይ ይሞት ነበር፣ አሁን ልዩነቱ ጠብቧል። ቁጥሩን ደብተር ላይ የሚጽፈው ራሱ ነው። ቤንች አሁንም ይሠራል፣ ሌላ ቦታ፣ ሰሌዳ በሌለበት።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለማሽኑና ለንጽሕናው ከ5 4 እሰጣለሁ። ለግምገማው ዜሮ። ትልቅ ሰው ከሆናችሁና ብረት ብቻ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ትጠቀማላችሁ። ልጃችሁን ግን ብቻውን አትላኩት። ሽያጩን ከግምገማው ከለዩ፣ ያን መሳቢያ ከዘጉ፣ እኔው ራሴ ተመልሼ እከፍላለሁ፣ ይሄንንም ጽሑፍ አስተካክላለሁ።

ስንወጣ የወንድሜን ልጅ ስም ከሰሌዳው እንዲያጠፉት ጠየቅኩ፣ አጠፉት። ሌሎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። የሁለቱን ወላጆች ስለማውቃቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። የቀሩትን አላውቃቸውም። ልጃችሁ ከዚራ ብረት የሚያነሳ ከሆነ ዛሬ ማታ ቦርሳውን አብራችሁት ክፈቱ፣ ሳትቆጡ።