ለሸክላ ማጫወቻዎ ገበታ፦ የታመቀ እንጨት፣ ዋንዛ ወይስ ኤምዲኤፍ?

ከደንገል የተሠራ የጣና ታንኳ ሰውና ማገዶ ጭኖ ይንሳፈፋል፤ የታመቀ እንጨት ቁራጭ ግን ሐይቁ ላይ ቢጥሉት እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። በጀርመን ፓንዘርሆልዝ እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት፣ ቢች ከተባለው ዛፍ የተላጡ ስስ ንጣፎች በፌኖል ሙጫ ተነክረው፣ በሙቀትና በከባድ ጫና ተጨፍልቀው የሚሠራ ነው። ሊትር የሚያህለው ቁራጭ 1.35 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለጥይት መከላከያ የሚውል እንጨት የዘፈን ዕቃ መሸከሙ ያስቃል፤ ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አይደለም።

የሸክላ መርፌ የምታነበው በማይክሮን የሚለካ እንቅስቃሴ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የማጫወቻውን ገበታ፣ ማለትም ሞተሩና የመርፌዋ ክንድ የሚተከሉበትን መሠረት፣ ካንቀጠቀጠው፣ መርፌዋ ያንኑ ንዝረት እንደ ሙዚቃ መልሳ ታነበዋለች። ወፍራሙ ድምፅ ይደፈርሳል፤ ሲብስም ማጫወቻው ማጓራት ይጀምራል። የታመቀ እንጨት ከባድና ግትር ከመሆኑ በላይ ንዝረትን ወደ ሙቀት ለውጦ በውስጡ ያስቀረዋል። አሉሚኒየም ከእርሱ እጥፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን ካላፈኑት እንደ ደወል ይጮኻል።

ዋንዛስ? 45 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ ከታመቀ እንጨት ሲሠራ 8.5 ኪሎ ይሆናል፤ ከደረቀ ዋንዛ ሲሠራ ግን 3 ኪሎ ገደማ ነው። ዋንዛ ያምራል፤ ለአናጢም ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ከበሮ የሚፈለፈለውም ከእርሱ ነው፤ ውስጡ ባዶ በሆነ የዋንዛ ሳጥን ላይ ማጫወቻ መትከል መርፌዋን ከበሮ ላይ እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። ከወደዱት ተደራርቦ የተጣበቀና ውስጡ ድፍን የሆነ ያሠሩ። የታመቀውን ግን ጥሬውን ገዝተው ለሰፈር አናጢ አይውሰዱ። ለብረት የሚሆን መቁረጫ ይፈልጋል፤ ተራው መጋዝ ቶሎ ይዶለዱማል፤ አናጢውም ይቀየምዎታል። ተቆርጦና ተበስቶ የተዘጋጀውን ይግዙ።

ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ርካሽ ነው፤ ድምፁም ደነዝ ስለሆነ አያስከፋም። ጠላቱ ውኃ ነው፤ ጠርዙ በቀለም ካልታሸገ እርጥበት ሲገባው ያብጣል፤ የሐይቁን ዳር ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቀውም።

ብዙ ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ። እኔ ከባዱን ገበታ በጣውላ ወለል ላይ በቆመ ጠረጴዛ አስቀምጬ እፎይ ባልኩ ማግስት፣ ልጆች በአጠገቡ ሲሮጡ መርፌዋ ዘለለች። የእግር ኮቴም ሆነ የሚያልፍ የጭነት መኪና የሚያመጣው ዝግ ያለ ንዝረት ነው፤ ግትር ገበታ እንዳለ ያሳልፈዋል። መርፌዋን የሚሸከመው ክንድና የመርፌዋ ራስ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ (በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ) አካባቢ በራሳቸው የመወዛወዝ ጠባይ ስላላቸው ይህን ንዝረት ያባብሱታል። መፍትሔው በብሎኬት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መደርደሪያ ወይም በስፕሪንግ የቆመ ማጫወቻ ነው። ስለዚህ ችግርዎ ከወለሉ ከሆነ ገንዘብዎን ለመደርደሪያው ያውሉ። ስፒከርዎ ትልቅ፣ ክፍልዎ ጠባብ፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው የሚያዳምጡ ከሆነ ግን የታመቀው እንጨት ዋጋውን ያወጣል።

ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉና መርፌዋን በማይዞር አሮጌ ሸክላ ላይ ያሳርፉ። ድምፁን በመጠኑ ከፍ አድርገው ገበታውን በጣትዎ መታ ያድርጉት። ከስፒከሩ አጭር «ዱብ» ብቻ ከሰሙ ደህና ነው፤ ድምፁ ከተጎተተ ግን ሌላ ያስመርጡ።