ለጀበናዎቼ እቶን የሠሩልኝን ግንበኛ አመስግኑልኝ

የጅማ ሰዎች፣ ይህን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ቆይቷል።

ሸክላ ሠሪ ነኝ። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ እሠራለሁ። እናቴም በዚሁ ሥራ ነው ያሳደገችን። እሷ ሜዳ ላይ እንጨትና ጭድ ከምራ ነበር ሸክላውን የምታቃጥለው። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደመና ባየች ቁጥር ደጅ ወጥታ ሰማዩን ስትለማመጥ ትዝ ይለኛል። ዝናቡ ከቀደማት የሁለት ሳምንት ልፋት ተሰነጣጥቆ ይቀራል። ጭስ ማውጫ ያለው እቶን ላሠራ የቆረጥኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሰውዬ ቀብዱን ተቀብሎ በሲሚንቶ ገነባው። ጭስ ማውጫው ከእኔ ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ስናነድ ጭሱ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። ልጄ ዓይኑን እያሸ ሮጦ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ተሰነጠቀ። ብደውል፣ ብደውል አያነሳም። ሌላው ደግሞ እጠግናለሁ ብሎ ጭቃ ለቀለቀበትና «እንጨትሽ እርጥብ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያን ሰሞን አልቅሻለሁ። የእቁብ ብር ነበር።

በኋላ መርካቶ ጀበና የምትረከበኝ እህት እኚህን ሰው ጠቆመችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው ስለ ዋጋ አላወሩም። አንድ እፍኝ ጭድ ለኩሰው ማንደጃው አፍ ላይ ያዙና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ዝም ብለው አዩ። «ይሄ መተንፈሻ የለውም» አሉ።

አፍርሰው እንደ አዲስ ሠሩት። ጡቡን ያያያዙት በጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ ይህን ሙቀት አይችልም አሉኝ። ጭስ ማውጫውን ከጣሪያው በላይ አሻገሩት። ጭሱን ስቦ የሚወስደው ቁመቱ ነው አሉ። ስለ ቀዳዳዎቹ ልክ ብዙ አስረድተውኛል፣ እሱ አልገባኝም። ጭሱ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል።

የማልረሳው የመጀመሪያዋን ሌሊት ነው። ሥራው አልቋል፣ ሒሳባቸውንም ወስደዋል። ሲመሽ ጋቢያቸውን ለብሰው ተመልሰው መጡ። «ብቻሽን አታነጂም» አሉኝ። ከኪሳቸው ትንሽ መስታወት አውጥተው በየጊዜው ላይኛዋ ቀዳዳ ጋ ጠጋ ያደርጋሉ። መስታወቱ ላብ ካለው፣ «ገና ነው ልጄ፣ የጀበናዎቹ ጭቃ ውስጥ ውሃ አለ። አሁን እሳቱን ካበረታሽበት ይፈነዳል» ይሉኛል። እንዲህ እያልን ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆነ። ያኔ መስታወቱን አሳዩኝ፤ ደረቅ ነው። «በይ አሁን እንጨት ጨምሪ» አሉ።

በማግስቱ ልከፍተው ስል ከለከሉኝ። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ጠበቅን። 52 ጀበና ነው ያስገባሁት። የተሰነጠቀው አንድ ብቻ! በጣቴ ሳንኳኳቸው እንደ ደወል ይጮኻሉ። ምነው እናቴ ኖራ በሰማች አልኩ።

ለሌሊቱ ብር ስሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ለባለቤታቸው አንዲት ጀበና ብቻ ተቀበሉ።

እቶን፣ የዳቦ ምድጃ፣ ማንኛውንም ጭስ ማውጫ የምታሠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ እሳቸውን አሠሩ። እኔ የከሰርኩትን አትክሰሩ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፤ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ያዟቸው፣ ጭቃው ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።