በዓይን የሚጻፍ ኢሜይል፦ የአንድ የንግግር አጋዥ መሣሪያና የድጋፍ አገልግሎቱ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በዓይን እንቅስቃሴ የሚታዘዝና በዊንዶውስ የሚሠራ የንግግር አጋዥ መሣሪያን የኢሜይል ክፍል፣ እንዲሁም አቅራቢው የሚሰጠውን የድጋፍ አገልግሎት ነው። ተጠቃሚው በሜሪላንድ የሚኖሩት አጎቴ ናቸው፤ ኤ.ኤል.ኤስ. በተባለው የነርቭ ሕመም ምክንያት መናገርም ሆነ እጃቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም። የአምራቹን ስም ያልጠቀስሁት የማነሣው ችግር በአንድ ኩባንያ ብቻ የሚወሰን ስላልሆነ ነው።

መሣሪያው በዋና ሥራው አስተማማኝ ነው። ዓይናቸው በአንድ ፊደል ላይ ጥቂት ሲያርፍ ፊደሉ ይመረጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ድምፅ አውጥቶ በእንግሊዝኛ ያነበዋል። ነገር ግን አብረውት ከመጡት ድምፆች መካከል አማርኛ የሚናገር አንድም የለም። አጎቴ ደሴ ላሉት እኅታቸው በአማርኛ ሐሳባቸውን የሚገልጹት በጽሑፍ ብቻ በመሆኑ፣ ኢሜይሉ ሲቋረጥ የሚቋረጠው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። አቅራቢዎች ኢሜይልን እንደ ትርፍ ነገር መቁጠራቸውን እንዲተዉ አጥብቄ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን እንኳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ባሻሻለው ውሳኔ፣ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት መላክ መቻልን የንግግር መሣሪያ ተግባር አድርጎ ተቀብሎታል፤ የኢንተርኔቱን ወርኃዊ ክፍያ ግን አይሸፍንም።

ከብልሽቶቹ ሁሉ የከፋው፣ ኢሜይሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ያለበት ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር፤ በዚያው መሣሪያ ላይ በድረ ገጽ በኩል ሲሞከርም አካውንቱ ያለ ችግር ይከፈታል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተለመደው ምክንያት የኢሜይል አገልግሎቶች የመግቢያ ሥርዓታቸውን መለወጣቸው ነው። ጎግል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ይዘው የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2022 ጀምሮ መቀበል አቁሟል፤ ማይክሮሶፍትም በአውትሉክና በሆትሜይል የግል አካውንቶች ላይ ተመሳሳይ እርምጃ የወሰደው እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2024 ነው። እርምጃው ከጠለፋ የሚጠብቅ በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በንግግር መሣሪያዎች ውስጥ የተሠሩ ብዙ የኢሜይል ገጾች የቆየውን ዘዴ ሲጠቀሙ ስለኖሩ፣ የለውጡ ዕዳ የወደቀው ሌላ ፕሮግራም መርጦ መጫን በማይችል ሰው ላይ ነው።

ለጂሜይል መፍትሔው የመተግበሪያ የይለፍ ቃል የሚባለው ነው። በመጀመሪያ በአካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ እንደ ኮድ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው፣ ይከፈታል፤ ቀጥሎ ጎግል የሚሰጠው ባለ 16 ፊደል ቃል ይወሰድና በመሣሪያው የኢሜይል ቅንብር ውስጥ በዋናው የይለፍ ቃል ቦታ ይገባል። በዚያው ቅንብር ውስጥ ለገቢ መልእክት አይማፕ የተባለው የመቀበያ ዘዴ በፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 993፣ ለወጪ ደግሞ ኤስ ኤም ቲ ፒ የተባለው የመላኪያ ዘዴ በፖርት 465 ወይም 587 ይሞላል። መልእክት እየገባ የማይወጣ ከሆነ፣ በአብዛኛው አዲሱ ቃል የተጻፈው በገቢው በኩል ብቻ ሆኖ የወጪው ተረስቷል ማለት ነው። የጎግል አካውንቱ ዋና የይለፍ ቃል በተቀየረ ጊዜም የመተግበሪያው ቃል ስለሚሰረዝ፣ ቤተሰብ ለጥንቃቄ ብሎ የሚያደርገው ለውጥ ራሱ ኢሜይሉን ሊዘጋው ይችላል። በአውትሉክ አካውንት ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የመሣሪያው ፕሮግራም አዲሱን የመግቢያ ሥርዓት፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ ለፕሮግራሙ ሳይሰጥ በአገልግሎቱ በራሱ ገጽ የሚገባበትን፣ መደገፍ አለበት፤ ካልደገፈ በድረ ገጽ መጠቀም ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት መዛወር ግድ ይሆናል።

ማረጋገጫው ሌላም ጥያቄ ያስከትላል። ኮዱ በአስታማሚው ስልክ ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ የአጎቴ የግል ደብዳቤ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። እኛ ጎግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች አትመን እሳቸው በመረጡት ቦታ አስቀመጥን፤ ማን እንደሚያያቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ከይለፍ ቃል በፊት መታየት ያለባቸው ቀላል ነገሮችም አሉ፤ ዋይፋዩ መገናኘቱ፣ የመሣሪያው ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑ፣ እንዲሁም ከፎቶዎች ጋር የሚጋሩት የጂሜይል 15 ጊጋባይት አለመሙላቱ።

ወደ ድጋፍ አገልግሎቱ ልመለስ። መጀመሪያ ያነጋገረን ባለሙያ ጥያቄውን ሁሉ የሚያቀርበው ለእኔ ነበር፤ አካውንቱ የማን እንደሆነ እያወቀ አጎቴን አንድ ጊዜም አላናገራቸውም። መሣሪያው እንደ አዲስ እንዲጫንም ሐሳብ አቀረበ፤ ይህ ቢደረግ ኖሮ ለወራት ያዘጋጇቸው ገጾች ቅጂ ስላልነበራቸው በጠፉ ነበር። ሁለተኛዋ ባለሙያ ግን ከርቀት ወደ ስክሪኑ ከመግባቷ በፊት ፈቃዳቸውን ጠየቀች፣ መልሳቸውን በዓይናቸው ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስም በትዕግሥት ጠበቀች። መጀመሪያ የገጾቹን ቅጂ አስቀመጠች፤ ከዚያም የመተግበሪያውን ቃል አስገብታ የሙከራ መልእክት ወደ ራሳቸው አድራሻ እንዲልኩ አደረገች። በአንድ ድርጅት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ተጠቃሚውን በቀጥታ ማነጋገር ለባለሙያው ጠባይ የሚተው ሳይሆን የሥራ ደንብ ሊሆን ይገባዋል።

የአማርኛው አጻጻፍ ገና ብዙ ይቀረዋል። የዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ ስለሚጠይቅ፣ በዓይን ለሚጽፍ ሰው ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፊደላቱ በቀጥታ የሚመረጡበትን ገጽ እኛው ሠራን፤ «እንደምን ሰነበታችሁ» የመሰሉ ሰላምታዎችንም እያንዳንዳቸውን በአንድ ቁልፍ ላይ አኖርናቸው። ይህን መሥራት የነበረበት አቅራቢው ነው።

መሣሪያውን ለሌሎች ቤተሰቦች እመክራለሁ፤ ይሁን እንጂ ከመረከባችሁ በፊት የኢሜይሉ ክፍል የቱን የመግቢያ ሥርዓት እንደሚደግፍና መሣሪያው ለንግግር ብቻ ተቆልፎ የሚመጣ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውንም የአማርኛ ኢሜይል ባለሙያው ቤት ሳለ ተጠቃሚው ራሱ ይላከው።